ክንድን በእንጨት ሞዴል ማስተማር፦ ክርኑ ሲታጠፍ የክሩ ውጥረት ለምን ብዙ አይለወጥም?

መዘውር (ጠያቂ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ቶርክን (የጉልበትን የማሽከርከር አቅም) በሰው ክንድ ለማስተማር የሚሆን የእንጨት ሞዴል አሠራርና የወሰድኳቸውን ልኬቶች ላስቀምጥ። ከልኬቶቹ አንዱ ከጠበቅኩት ጋር አልገጠመም፤ ጥያቄዬ መጨረሻ ላይ አለ።

ሞዴሉ ከአራት የኮምፔንሳቶ ቁራጮች ይሠራል። የእያንዳንዱ ርዝመት 36 ሴ.ሜ፣ ስፋቱ 3 ሴ.ሜ፣ ውፍረቱ 8 ሚ.ሜ ነው። ሁለቱ ትይዩ ቆመው የታችኛው ክንድ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው 12 ሚ.ሜ ክፍተት አለ። ሌሎቹ ሁለቱ ከውጭ አቅፈዋቸው የላይኛው ክንድ ይሆናሉ። ክርኑ 6 ሚ.ሜ ውፍረትና 8 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው ቡሎን ነው፤ አራቱንም ጣውላዎች ከጫፋቸው 2 ሴ.ሜ ገባ ብሎ ይበሳቸዋል። ጣውላ ከጣውላ በሚገናኝበት ሁሉ ሮንዴላ ገብቷል።

በታችኛው ክንድ ላይ ከክርኑ 4፣ 6 እና 8 ሴ.ሜ ርቀት ላይ ሁለቱን ጣውላዎች የሚያያይዙ 4 ሚ.ሜ ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን ቡሎኖች አሉ። ክሩ የሚታሰረው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው። ጭነቱ የሚንጠለጠለው በ30 ሴ.ሜ ርቀት ነው። በላይኛው ክንድ ላይ ደግሞ ከክርኑ 30 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ በሁለቱ ጣውላዎች መካከል ትንሽ ፑሊ ተቀምጧል። ክሩ ከታችኛው ክንድ ተነስቶ ፑሊውን ዞሮ ከኋላ በኩል ይወርድና 20 ኒውተን ድረስ በሚለካ የስፕሪንግ ሚዛን ላይ ይታሰራል። ሁሉም ነገር በመካከለኛው ክፍተት ስለሚያልፍ ክንዱ ወደ ጎን አይጣመምም።

የታችኛው ክንድ ብዛት 120 ግራም ነው። በማስመሪያ ጠርዝ ላይ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ሲደረግ የክብደት ማዕከሉ ከክርኑ 16 ሴ.ሜ ላይ ወጣ። ጭነቱ 100 ግራም ነው።

የላይኛው ክንድ ቀጥ ብሎ በስታንድ ላይ ታስሮ፣ ክሩ 4 ሴ.ሜው ላይ ሆኖ የተገኘው ንባብ ይህ ነው፦

በ60 ዲግሪ 11.4 ኒውተን
በ90 ዲግሪ 12.2 ኒውተን
በ120 ዲግሪ 12.8 ኒውተን
በ150 ዲግሪ 13.5 ኒውተን

(ማዕዘኑ በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚለካው ነው፤ የተዘረጋ ክንድ 180 ይሆናል።)

የታችኛው ክንድ አግድም ሲሆን፣ ማለትም በ90 ዲግሪ፣ ውጥረቱ ጫፍ ላይ ይደርሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ውጤቱ ግን ከ60 እስከ 150 ድረስ በቀስታ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ በ90 ላይ ምንም ጉብታ የለውም። ሞዴሉ ነው የተሳሳተው ወይስ ግምቱ?

---

ቀጤ ነክ

ወንድሜ መዘውር፣ ሞዴልህ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ግምቱ ነው። ስሕተቱም ለማስተማር እጅግ የሚጠቅም ስሕተት ነው።

ክርኑ ከ90 ሲርቅ የጭነቱ ቀጤ ነክ ርቀት (ከክርኑ እስከ ጉልበቱ መስመር በ90 ዲግሪ የሚለካው ርቀት) በማዕዘኑ ሳይን ይቀንሳል። ሁላችንም የምናስታውሰው ይህን ነው። ግን የክሩም ቀጤ ነክ ርቀት በዚያው ሳይን ይቀንሳል፤ ይህን ነው የምንረሳው። ሁለቱ ሲካፈሉ ሳይኑ ይጣፋል። የሚቀረው በክርኑና በፑሊው መካከል ካለው ርቀት አንጻር ክሩ ምን ያህል ይረዝማል የሚለው ብቻ ነው።

በሥዕል ማየት ይቀላል። ክርኑ፣ ክሩ የታሰረበት ነጥብና ፑሊው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። አንዱ ጎን 4፣ አንዱ 30 ሴ.ሜ ነው፤ ሦስተኛው ራሱ ክሩ ነው። የላይኛው ክንድ ቀጥ ብሎ ስለቆመ 30 ሴ.ሜው ጎን ከስበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ነው። ስለዚህ የጉልበቶቹ ሦስት ማዕዘን ከዚህ ሦስት ማዕዘን ጋር ተመሳሳይ ቅርጽ አለው። አሁን ጭነቱንና የጣውላውን ክብደት አንድ ላይ አድርገህ 4 ሴ.ሜው ላይ እንደሚጎትት አንድ ክብደት አስበው፦

ጭነቱ፦ 0.98 ኒውተን × 0.30 ሜትር = 0.294 ኒውተን ሜትር
ጣውላው፦ 1.18 ኒውተን × 0.16 ሜትር = 0.188 ኒውተን ሜትር
ድምር፦ 0.482 ኒውተን ሜትር፤ ለ0.04 ሲካፈል 12.05 ኒውተን

ውጥረቱ እንግዲህ 12.05 ሲባዛ በክሩ ርዝመት፣ ሲካፈል ለ30 ሴ.ሜ ነው። የክሩ ርዝመት በ60 ዲግሪ 28.2፣ በ90 ዲግሪ 30.3፣ በ120 ዲግሪ 32.2፣ በ150 ዲግሪ 33.5 ሴ.ሜ ይሆናል። ስለዚህ የሚጠበቀው ውጥረት 11.3፣ 12.2፣ 12.9 እና 13.5 ኒውተን ነው። ያንተ ንባብ ከዚህ የሚለየው በ0.1 ኒውተን ብቻ ነው፤ በጣም ጥሩ ሥራ ነው።

የማዕዘኑን ውጤት ለብቻው ማሳየት ከፈለግክ አንዱን ርቀት ቋሚ ማድረግ አለብህ። የታችኛውን ክንድ አግድም አድርገህ ያዝና የላይኛውን ክንድ አዘንብለው። ያኔ የጭነቱ ርቀት አይለወጥም፤ የሚለወጠው የክሩ ብቻ ነው። ስሌቱ ይህን ይሰጣል፦

60 ዲግሪ፦ የክሩ ቀጤ ነክ ርቀት 3.68 ሴ.ሜ፣ ውጥረት 13.1 ኒውተን
90 ዲግሪ፦ 3.96 ሴ.ሜ፣ 12.2 ኒውተን
120 ዲግሪ፦ 3.23 ሴ.ሜ፣ 14.9 ኒውተን
150 ዲግሪ፦ 1.79 ሴ.ሜ፣ 26.9 ኒውተን

ተጠንቀቅ፤ የመጨረሻው ከሚዛንህ አቅም በላይ ነው። የስፕሪንግ ሚዛን ከወሰኑ ካለፈ ስፕሪንጉ ተለጥጦ ይቀርና ከዚያ በኋላ ዜሮውም ሆነ ንባቡ አይታመንም። በ150 ላይ ጭነቱን አውርደህ በጣውላው ክብደት ብቻ ለካ፤ 10.5 ኒውተን ገደማ ታገኛለህ።

---

ሞርሳ

የ150 ዲግሪውን ልኬት ከመውሰድህ በፊት የፑሊውን መጠን አስተካክል። ክሩ የሚነሳው ከፑሊው ማዕከል ሳይሆን ከዳሩ ነው። የፑሊው ራዲየስ 1 ሴ.ሜ ከሆነ የክሩ አቅጣጫ 1.7 ዲግሪ ያህል ይዞራል። በ90 ላይ ይህ ምንም አይጎዳም። በ150 ላይ ግን ቀጤ ነክ ርቀቱን ከ1.79 ወደ 1.90 ሴ.ሜ ያወጣዋል፤ 6 በመቶ ስሕተት ማለት ነው። 5 ሚ.ሜ ራዲየስ ያለው ፑሊ ከተገኘ ስሕተቱ በግማሽ ይወርዳል።

ፑሊ ጠፍቶ በምትኩ ሚስማር የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ክር በማይሽከረከር ሚስማር ላይ ግማሽ ዙር ሲዞር ሰበቃው በጠመዘዘው ማዕዘን ልክ እየተባዛ ይሄዳል። የሰበቃው ኮኤፊሸንት 0.2 ብቻ ቢሆን እንኳ ወደ ላይ ሲጎተት ሚዛኑ የእውነተኛውን ውጥረት 1.87 እጥፍ ያሳያል፤ ወደ ታች ሲለቀቅ ደግሞ 0.53 እጥፍ። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈልም አያድንም፤ 1.2 እጥፍ ይሰጣል። ሚስማር የግድ ከሆነ ሁለቱን ንባቦች አባዝቶ የብዜቱን ስኩዌር ሩት መውሰድ ነው ትክክሉ። በሚሽከረከር ፑሊ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ተራ አማካይ ይበቃል፤ ግን ሲነሳም ሲወርድም መነበብ አለበት።

ስለ ክርኑም ልጨምር። 6 ሚ.ሜ ቡሎን 6 ሚ.ሜ በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ይነክሳል፤ እንጨቱ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይብስበታል። ቀዳዳውን በ6.5 ሚ.ሜ የትራፓን ጫፍ ብሱት፣ ውስጡን በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። አራቱንም ጣውላ ደራርባችሁ በሞርሳ አጥብቃችሁ በአንድ ጊዜ ብሱ፤ ለየብቻ ከተበሱ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፣ ቡሎኑ ይዘምማል፣ ክንዱም ሲነሳ አንድ ቦታ ላይ ይይዛል። አንድ ዳዶ ብቻ ከሆነ ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጠብቃል ወይም ይላላል። ሁለት ዳዶ አስገቡና የመጀመሪያውን በቺያቤ ይዛችሁ ሁለተኛውን በላዩ ቆልፉ።

ፈተናው ቀላል ነው፦ ክሩ ሳይታሰር ክንዱን አግድም አድርጋችሁ ልቀቁት። በነጻ ወድቆ ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ካልተወዛወዘ ጠብቋል።

ክሩ የተገመደ የዓሣ ማጥመጃ ክር ቢሆን ይመረጣል። ነጠላው ናይለን ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም ይንሸራተታል። ጎማማ ነገር በጭራሽ አትጠቀሙ፤ ላስቲክ ሲሳብና ሲመለስ በአንድ ርዝመት ላይ የተለያየ ውጥረት ስላለው ለመለኪያ አይሆንም።

---

ጅማት

የሜካኒክሱ ክፍል ደስ ይላል። ከአካል አወቃቀር አንጻር መስተካከል ያለባቸው ነገሮች ስላሉ ልጻፍ።

አንደኛ፣ ይህ ሞዴል "ባይሴፕስ" (ከላይኛው ክንድ ፊት ያለው ጡንቻ) ተብሎ ከቀረበ ስሕተት ነው። የባይሴፕስ ሁለቱም ራሶች የሚነሱት ስካፑላ ከሚባለው የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ነው እንጂ ከላይኛው ክንድ አጥንት አይደለም። ስለዚህ ባይሴፕስ ትከሻንም ክርንንም ያቋርጣል። ከታች የሚታሰረውም ራዲየስ በሚባለው፣ በአውራ ጣት በኩል ባለው የታችኛው ክንድ አጥንት ላይ ስለሆነ መዳፍን ወደ ላይ የመገልበጥ ሥራም አለው። ከላይኛው ክንድ አጥንት ተነስቶ አልና በሚባለው ሌላኛው የታችኛው ክንድ አጥንት ላይ የሚታሰረውና ማጠፍ ብቻ የሆነው ጡንቻ ብራኪያሊስ ነው፤ ከባይሴፕስ በታች ተደብቆ ስለሚገኝ ይረሳል። የእናንተ ክር ከሁለቱ ይበልጥ የሚመስለው እሱን ነው። ለተማሪዎች "የአጣፊዎቹን ጡንቻዎች ድምር የሚወክል አንድ ክር" ብሎ መንገር ከሁሉ የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፣ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ በሞዴላችሁ ክሩ በአጥንቱ ላይ ይተኛል። ቢጎተትም ክርኑን ይጫነዋል እንጂ አያሽከረክረውም። በሰው ላይ እንዲህ አይሆንም፤ የአጥንቱ ጫፍ ክብና ወፍራም ስለሆነ፣ በፊቱም ጡንቻ ስላለ ጅማቱ ከማዕከሉ ተገፍቶ ይቆያል። መፍትሔው በክርኑ ቡሎን ላይ፣ በመካከለኛው ክፍተት ውስጥ፣ 2 ሴ.ሜ ራዲየስ ያለው የክር በከራ ወይም ክብ እንጨት ማስገባት ነው። ዳሩ ላይ በሞረድ ቦይ ይውጣለት። ከ146 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ክሩ በከራው ላይ ይደገፍና ቀጤ ነክ ርቀቱ ከ2 ሴ.ሜ በታች አይወርድም።

ይህ የመዘውርን የመጀመሪያ ጥያቄ ሌላኛ ገጽታ ይፈታል። "ሳይኑ ይጣፋል" የሚለው እውነት የሆነው ክሩ ቀጥ ያለ መስመር እስከሆነ ድረስ ነው። በ165 ዲግሪ ያለ በከራ ውጥረቱ 13.6 ኒውተን ነው፤ በበከራ ግን ወደ 6.2 ይወርዳል፤ ምክንያቱም የጭነቱ ርቀት መቀነሱን ቀጥሏል፣ የክሩ ግን 2 ሴ.ሜ ላይ ቆሟል። ሰው ክንዱን ወደ ታች ዘርግቶ ዕቃ ሲይዝ አጣፊዎቹ የማይደክሙት፣ ክርኑን በ90 አጥፎ ሲይዝ የሚደክሙት በዚህ ነው። የተማሪውን የራሱን ስሜት የሚመስለው ባለ በከራው ሞዴል ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ማዕዘን አጠራር። ፊዚዮቴራፒስቶች የተዘረጋ ክንድን 0 ዲግሪ ብለው ነው መታጠፉን የሚቆጥሩት። የእናንተ 150 በእነሱ 30 ነው። ተማሪ ከሁለት ቦታ መረጃ ሲያመጣ ይምታታል፤ በሰሌዳው ላይ ከመጀመሪያው ተጽፎ ይቀመጥ።

አሁን ወደ እውነተኛ ክንድ እንውሰደው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው የታችኛው ክንድና እጁ አንድ ላይ 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። መዳፉ ከክርኑ 35 ሴ.ሜ ላይ ነው፣ የክብደት ማዕከሉን 15 ሴ.ሜ ላይ፣ የጅማቱን ርቀት 4 ሴ.ሜ እንውሰድ። 5 ኪሎ ግራም ቢይዝ ቶርኩ 17.15 እና 2.2 ይደመርና 19.35 ኒውተን ሜትር ነው። ለ0.04 ሲካፈል 484 ኒውተን ይመጣል። ጡንቻው የሚጎትተው ከተያዘው ዕቃ ክብደት አሥር እጥፍ ያህል ነው። ጆቫኒ አልፎንሶ ቦረሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጡንቻዎች ለመታጠፊያው በጣም ቀርበው ስለሚታሰሩ ከሚያነሱት ሸክም እጅግ የሚበልጥ ጉልበት እንደሚያወጡ ያሰላው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነበር።

---

መስከረም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከማስተማሩ በኩል ትንሽ ልጨምር።

በቋንቋችን አንድ የሚያደናቅፍ ነገር አለ። "ክንድ" የአካል ክፍሉም ነው፣ በመጻሕፍት የቶርክ ርቀትም "የጉልበት ክንድ" ይባላል። "የክንዱ ክንድ ስንት ነው?" ብሎ ጠይቆ ተማሪ ትክክለኛውን እንዲመልስ መጠበቅ አይቻልም። ብዙዎቹ 4 ሴ.ሜ የሚሉት በጣውላው ላይ የሚለካውን ርቀት ስለሚያዩ ነው። "ቀጤ ነክ ርቀት" የሚለው ቃል ይሄን ያድናል፤ ቀጤ ነክ የሚል ስም ያለው አባል መኖሩም ደስ ይላል። ሞዴሉ ላይ በእጅ እንዲለኩት አድርጉ፦ ጥጉ 90 ዲግሪ የሆነ ካርቶን በክሩ ላይ አስደግፈው ክርኑ ድረስ ያንሸራትቱ፣ ከዚያ ርቀቱን በማስመሪያ ያንብቡ። በ150 ላይ 1.8 ሴ.ሜ ሲያገኙ "4 ነበር እኮ!" ይላሉ፤ ትምህርቱ የሚገባው እዚያች ላይ ነው።

የክርኑ ግፊት ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው ክፍል ስለሆነ አትዝለሉት። ተማሪ ሁሉ "ክርኑ የታችኛውን ክንድ ወደ ላይ ይደግፈዋል" ብሎ ያስባል። የታችኛውን ክንድ ከቡሎኑ አውልቃችሁ አግድም አድርጉት። 4 ሴ.ሜው ላይ በክር ቀጥታ ወደ ላይ ስቀሉት፣ 30 ሴ.ሜው ላይ 100 ግራሙን አንጠልጥሉ። የክርኑ ጫፍ ወዲያው ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ እንዳይመታ አንድ ተማሪ ከመጀመሪያው ይያዘው። ከዚያ በሁለተኛ ሚዛን ወደ ታች ጎትተው እንዲያስተካክሉት አድርጉ። 12.05 ሲቀነስ 2.16፣ ማለትም 9.9 ኒውተን ያነባሉ። የላይኛው ክንድ አጥንት የታችኛውን ወደ ታች እንደሚጫነው በዓይናቸው ያያሉ። ጅማት በሰጡት ምሳሌ ይህ ግፊት 484 ሲቀነስ 49 ሲቀነስ 14.7፣ 420 ኒውተን ገደማ ነው። መገጣጠሚያ ለምን እንደሚያረጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ሌላው፣ "ታዲያ ሰውነት ለምን እንዲህ በማያዋጣ ቦታ አሰረው?" የሚል ጥያቄ የግድ ይመጣል። መልሱን በቁጥር ስጧቸው። ክሩ 4 ሴ.ሜው ላይ ሆኖ ክንዱ ከ150 ወደ 60 ሲታጠፍ ክሩ የሚያጥረው 5.3 ሴ.ሜ ብቻ ነው፤ ጭነቱ ግን 47 ሴ.ሜ ቅስት ይጓዛል። 8 ሴ.ሜው ላይ ቢታሰር ውጥረቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ክሩ ግን 10.2 ሴ.ሜ ማጠር አለበት። ጡንቻ ደግሞ ያን ያህል አያጥርም። በጉልበት ከፍሎ ፍጥነትና ስፋት ገዛ ማለት ነው። ሥራው ግን አይለወጥም፦ በዚህ እንቅስቃሴ ጭነቱና ጣውላው ያገኙት የከፍታ ኢነርጂ 0.66 ጁል ነው፤ 12.4 ኒውተን አማካይ ውጥረት በ0.053 ሜትር ሲባዛም 0.66 ይሰጣል። ኢነርጂን ገና ላልተማረ ክፍል ይህን ለኋላ ማቆየት ይቻላል።

ከአራት በላይ ተማሪ በአንድ ሞዴል ላይ አይሁን፦ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ሚዛኑን ያነባል፣ አንዱ ማዕዘኑን ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል። ግምታቸውን ከመለካታቸው በፊት በጽሑፍ ይስጡ። ከለኩ በኋላ የሚጠየቅ ግምት ግምት አይደለም።

---

ቱቦ

እኔ በክርና በእጅ መጎተቱ ላይ አልስማማም። ጡንቻ የሚያጥር ነገር መሆኑ አይታይም፤ ተማሪው ከኋላ የሚጎትት እጅ ነው የሚያየው። በሁለት ሲሪንጅና በውኃ በተሞላ ቱቦ ቢሠራ ጡንቻው ያለበት ቦታ ላይ ራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኖራል። ለምን ወደዚያ አትሄዱም?

---

ሞርሳ

ቱቦ፣ ሐሳቡ ይገባኛል፤ ግን ሲሪንጅ የሚሠራው በመግፋት ነው። ከክንዱ ሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚገፋ ሲሪንጅ ያየ ተማሪ ጡንቻ ይገፋል ብሎ ይሄዳል። ይህ ደግሞ በዚህ ርዕስ ላይ ከሚደርሱት ስሕተቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ነው። ጡንቻ መጎተት ብቻ ነው የሚችለው፤ ለዚያ ነው ለእያንዳንዱ አጣፊ ዘርጊ የሚያስፈልገው።

ሲሪንጁን በመሳብ ላሠራው ብትል ደግሞ የአየር ግፊት ይወስንሃል። የውስጡ ዲያሜትር 1.5 ሴ.ሜ የሆነ ሲሪንጅ የፒስተኑ ስፋት 1.77 ስኩዌር ሴ.ሜ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ ከ18 ኒውተን በላይ አይጎትትም። በተግባር ከዚያ በፊት አየር በጎማው ጠርዝ ይገባል፣ በውኃው ውስጥ የነበረውም አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል። የፒስተኑ ሰበቃ ራሱ ጥቂት ኒውተን ስለሚበላ 13 ኒውተን በሚፈልግ ሞዴል ላይ ልኬት የሚባል ነገር አይቀርም።

የሚያጥር ነገር ማሳየት ከተፈለገ የማኪበን ጡንቻ ይሻላል፤ በተጠለፈ የናይለን እጅጌ ውስጥ የገባ የጎማ ቱቦ ማለት ነው። አየር ሲሞላ ይወፍራል፣ እጅጌው ስለማይለጠጥ ያጥራል። የርዝመቱን ሩብ ያህል ሊያጥር ይችላል። ክሮቹ ከቁመቱ ጋር 54.7 ዲግሪ ሲሠሩ ማጠሩ ያበቃል። ጉልበቱ ረጅም ሳለ ይበዛል፣ ባጠረ ቁጥር ይቀንሳል። ለሞዴላችን 5.3 ሴ.ሜ ማጠር ስለሚያስፈልግ የእጅጌው ርዝመት ቢያንስ 22 ሴ.ሜ ይሁን። የሁለቱ ጫፎች ማሰሪያ ከላላ ቱቦው ተፈትልኮ ይወጣል፤ በብረት ማጥበቂያ ቀለበት ይታሰር፣ የዓይን መከላከያ መነጽርም ይደረግ። ይህን ለማሳያ ተጠቀሙበት፣ ለመለካት ግን ክሩና ሚዛኑ ይቆዩ።

---

ጅማት

በሞርሳ ሐሳብ እስማማለሁ። "ዘርጊ" ስለተነሳ፣ የትራይሴፕስን (ከላይኛው ክንድ ኋላ ያለውን ዘርጊ ጡንቻ) ክር መጨመር ከባድ አይደለም። የታችኛው ክንድ ጣውላዎች ከክርኑ ኋላ 2 ሴ.ሜ ብቻ ይወጣሉ፤ ለዚህ ሲባል በሚቀጥለው ሥራ 4 ሴ.ሜ ይሁንና ከቡሎኑ 2.5 ሴ.ሜ ኋላ ላይ ሌላ ቀጭን ቡሎን አስገቡበት። ክሩ ከዚያ ተነስቶ በላይኛው ክንድ ኋላ በኩል ወደ ላይ ይሄዳል። ጣውላው ሲረዝም ብዛቱና የክብደት ማዕከሉ ስለሚለወጡ እንደገና መመዘን ያስፈልጋል። አሁን መደገፊያው በጭነትና በጉልበት መካከል ስለሆነ አንደኛ ደረጃ ማንሻ ነው፤ አጣፊው ግን ጉልበቱ በመደገፊያውና በጭነቱ መካከል ስለሆነ ሦስተኛ ደረጃ ነው። በአንድ መገጣጠሚያ ላይ ሁለቱም ይታያሉ።

ክንዱ በራሱ ክብደት ስለሚዘረጋ ትራይሴፕስ ሥራ እንዳለው አይታያቸውም። የእጁን ጫፍ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አሳርፋችሁ የኋላውን ክር ጎትቱ። ሚዛኑ ላይ የሚጨምረውን ጉልበት ያነባሉ።

አንድ ገደብ ደግሞ ንገሯቸው። በሞዴሉ ቀስ ብሎ ወይም ፈጥኖ ቢጎተት ክሩ ያው ክር ነው። ጡንቻ ግን እንዲህ አይደለም፤ አርቺባልድ ሂል በ1938 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ጡንቻ በፈጠነ ቁጥር ሊያወጣ የሚችለው ጉልበት ይቀንሳል። የእንጨቱ ሞዴል የሚነግረን ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልግ ነው፤ ጡንቻው ያንን ማውጣት ይችል እንደሆነ አይነግረንም።

---

መዘውር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በከራው ገብቷል፣ ቀዳዳዎቹም ሰፍተዋል። አንድ የቀረ ነገር አለ። ክሩን ከ4 ወደ 6 እና 8 ሴ.ሜ ሳዛውር በ90 ዲግሪ ስሌቱ 12.2፣ 8.2 እና 6.2 ይላል፤ የሚነበበው ግን 11.8፣ 7.8 እና 5.8 ነው። ሁሌም 0.4 ይጎድላል። ሰበቃ እንዳይባል ሲነሳና ሲወርድ ተነቦ አማካዩ ተወስዷል። ከዚህ በፊት ባስቀመጥኩት ልኬት ይህ ጉድለት አልነበረም፤ ከበከራውና ከቀዳዳዎቹ ሌላ የተለወጠው ሌላ ሚዛን መጠቀሜ ብቻ ነው።

---

ቀጤ ነክ

በሦስቱም ላይ እኩል መጉደሉ ራሱ መልሱን ይዟል። ሰበቃ ወይም የርቀት ስሕተት ቢሆን ውጥረቱ ሲበዛ አብሮ ይበዛ ነበር። ቋሚ ጉድለት የዜሮ ስሕተት ነው።

ክሩ ፑሊውን ዞሮ ስለሚወርድ ሚዛንህ ተገልብጦ ነው የሚሠራው፤ መንጠቆው ወደ ላይ፣ አካሉ በእጅ ወደ ታች። ዜሮው የተስተካከለው ግን መንጠቆው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ስፕሪንጉን እየሳበ ሳለ ነው። ሲገለበጥ የመንጠቆውና የዘንጉ ክብደት ስፕሪንጉን መሳቡን ይተውና ክሩ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ንባቡ የሚጎድለው በዚያ ክብደት ሁለት እጥፍ ነው። መንጠቆውና ዘንጉ 20 ግራም ከሆኑ 0.2 ኒውተን ነው፤ ሁለት እጥፉ 0.4 ይሆናል። የፊተኛው ሚዛንህ ቀለል ያለ መንጠቆ ወይም ተገልብጦ የተስተካከለ ዜሮ ኖሮት ይሆናል።

ማስተካከያ ብሎን ካለው ገልብጠህ ያዝና ምንም ሳይንጠለጠልበት ዜሮ ላይ አምጣው። ከሌለው ከታች ሁለተኛ ፑሊ አስገባና ክሩን እንደገና ወደ ላይ መልሰው፤ ሚዛኑ በትክክለኛው አቋሙ ይሰቀላል፣ ተጨማሪ ሰበቃ ግን ይዞ ይመጣል። ከሁለቱም ይልቅ እኔ የምመርጠው 0.4ቱን በእያንዳንዱ ንባብ ላይ መደመርን ነው። ከዚያ ውጥረቱን በቁም ዘንግ፣ አንድ ሲካፈል ለቀጤ ነክ ርቀቱን (በሜትር) በአግድም ዘንግ ይሣሉት፤ ለሦስቱ ቀዳዳዎች ርቀቱ 3.96፣ 5.88 እና 7.73 ሴ.ሜ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፣ ተዳፋቱም 0.482 ኒውተን ሜትር ይሆናል። 0.4ቱ ሳይደመር ከተሣለ መስመሩ ዜሮን ስቶ ከሥሩ ያልፋል፤ የትኛው ሚዛን ዜሮው እንደሳተ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከግራፉ ያገኙታል።

---

መስከረም

እንዲያውም አንዱን ቡድን ሳይነግሩ ያልተስተካከለውን ሚዛን መስጠት ጥሩ ነው። የጎረቤቱን ግራፍ ሲያዩ ልዩነቱን የሚፈልጉት በራሳቸው ነው። ግን ሁለት ንባብ ብቻ ይዘው መስመር እንዳይስሉ፤ ሦስቱንም ቀዳዳ፣ በየቀዳዳውም ሲነሳና ሲወርድ፣ ስድስት ንባብ ይኑራቸው።